ቅዳሜ ቅዳሜ የማትነሣው መኪና

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ሹም አቦ ሰፈር ከቤቴ ፊት ለፊት ተከራይቶ የሚኖረው ወጣት መምህር፣ ከየት እንዳገኛት እንጃ አንዲት አሮጌ መኪና አስጎትቶ አመጣና ኮፈኗን ከፍቶ አንገቱን ቀበረባት። እኔ ከገበያ እየተመለስሁ ነበር። የቤንዚን፣ ያረጀ ጎማና የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቆምሁ። ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ትናንት እኮ ደህና ነበረች እትዬ ሰናይት፤ ዛሬ ጭራሽ እምቢ አለች» አለኝ። አይዞህ ማለት ሲገባኝ፣ ሳላስበው ከአፌ የወጣው «ማን ነካት?» የሚል ነበር። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን የእውነቴን ነበር፤ ዞር ብዬ የጎረቤቱን በር፣ የሱቁን ደጃፍ፣ ከአጥሩ ሥር የቆመውን ሰው ሳይቀር አንድ በአንድ ቃኘሁ። ይህ ዐመል ከአባቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ነው።

ያደግሁበት ቤት ከጣና ዳር እምብዛም አይርቅም ነበር፤ ክረምት ሲገባ የረጠበ ደንገልና የዓሣ ሽታ እስከ መኝታችን ይዘልቃል። አባቴ ተስፋዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ለፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ባሕር ዳር ሲመጣ ትንሽ ሠርቶ ሊመለስ ነበር፤ የዱርቤቴዋን ልጅ፣ እናቴን ደብሪቱን አገኘና መመለሱ ቀረ። ከንብረቱ ሁሉ አስበልጦ የሚወደው ጡረታ ከወጣ ሾፌር የገዛትን የጣሊያን ሥሪት መኪና ነበር። ቀለሟ በአንድ ወቅት ነጭ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ሳውቃት የሻይ ወተት መስላ ነበር። ሳትለመን ስለማትነሣ የሰፈሩ ሰው «ወይዘሪት» ይላታል።

ዓርብ ዓርብ አባቴ ከሥራ እንደተመለሰ ቱታውን ለብሶ ኮፈኗን ይከፍታል። ሞተር ማለት እሳት በሰዓቱ የሚደርስበት ቤት ነው ይል ነበር፤ እሳቱ ከቀደመ ያንኳኳል፣ ከዘገየ በጭስ ማውጫው ይተኩሳል። ያንን ሰዓት የምትጠብቀው ፑንቲና የምትባል፣ እንደ ጫጩት አፍ የምትከፈትና የምትዘጋ ቁራጭ ብረት ናት። የተሸፈነችበትን ጥቁር ክዳን ያነሣና በአፏ መካከል ስስ የብረት ቅጠል አስገብቶ ክፍተቷን ይለካል። ከዚያ ከሽቦ ጋር ያሠራትን ትንሽ አምፖል ለእማዬ ያስይዛትና ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ፑንቲናዋ ስትከፈት አምፖሉ ይበራል፣ ስትዘጋ ይጠፋል። እማዬ «በራ!» ስትል አባቴ እጁን ይገታል፤ ምልክቱን ያያል፤ ወደ ግራ በጥቂቱ፣ ወደ ቀኝ በጥቂቱ ነካ ነካ አድርጎ ያጠብቀዋል። በመጨረሻ ቁልፉን ሲያዞር ወይዘሪት ሆዷን እንዳሻሹላት ድመት ታንጎራጉራለች። ሁለቱ ያን ጊዜ እየተያዩ የሚስቁትን ሳቅ በሌላ ቀን ሲስቁት አላይም ነበር።

ከሸምበቆ አጥራችን ወዲያ መሪጌታ ኅሩይ ይኖሩ ነበር። የደቅ ደሴት ተወላጅ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርሁ። ታዲያ የአባቴ እሳት ዘግይቶ ወይዘሪት በጭስ ማውጫዋ ስትተኩስ፣ እኛ ደግሞ ደንግጠን ዳዊታችንን ስንጥል፣ መሪጌታ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

«አንተ የበረሃ ሰው! ይህችን ነገርህን ጠበል አስገባት እንጂ፤ ሰይጣን አለባት እኮ!»

«የኔታ፣ ጩኸት ከእርስዎ ነው የተማረችው፤ እርስዎ ዝቅ ቢያደርጉ እሷም ዝቅ ታደርግ ነበር» ይላል አባቴ ቀና ሳይል።

«ዝም በል አንተ! አንድ ቀን እግዚአብሔር ያሳርፋታል፤ ያን ጊዜ አብረን እንስቃለን!»

ይህን ተባብለው ሲያበቁ መሪጌታ በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው፣ ጠላቸውን ይዘው፣ የእኛ ደረጃ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ይከራከራሉ። በዓል ሲደርስ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያመጡልናል። አባቴ ዘመድ በሌለበት አገር ወንድም ያገኘው በእሳቸው ነው።

ነገሩ የተበላሸው አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሐይቁ ምዕራብ ዳር ወዳለችው ቁንዝላ መሄድ የጀመረ ጊዜ ነው። ምን ልትሠራ ሲባል «ዓሣ ላመጣ» አለ። ጣና ዳር ቤት ተከራይቶ፣ ዓሣ አጥማጁ በር ድረስ እየመጣ «ዓሣ!» እያለ በሚጮህበት ሰፈር፣ ያንን ጉድጓድ መንገድ ተንገላቶ ለዓሣ ቁንዝላ መሄድ እንኳን ለእናቴ ለእኔም አልገባኝም። ዓሣውን ያመጣል፤ አይካድም። ግን እማዬ ሸሚዙን ስታጥብ አንገትጌው ላይ ነጭ ዱቄት አገኘች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጸጉሩ ውስጥም አገኘች። ሸሚዙን ወደ ብርሃን ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታየው ትዝ ይለኛል። ኋላ እኔ ትዳር ከያዝሁ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ዱቄት ያለው ሊጥ ከምታቦካ ሴት እጅ ላይ ነው፣ የሴት እጅ ደግሞ የሰው ባል አንገት ላይ ምን ያደርጋል ብላ ነው ያሰበችው።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሪት ቅዳሜ ቅዳሜ እምቢ ማለት ጀመረች። ዓርብ ማታ እንደ ድመት ስታንጎራጉር ያደረች መኪና ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍ ሲዞርባት ትንቋረራለች እንጂ አትነሣም። አባቴ እሳት የምትረጨውን ካንዴላዋን ፈትቶ ያጸዳል፣ ሽቦዋን ይነካካል፣ ፑንቲናዋን በስስ የብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፤ እኩለ ቀን ላይ ትነሣለች፤ ያን ጊዜ ግን ቁንዝላ ሄዶ ለመመለስ መሽቷል። መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠረጠረ፤ ውሃ ቀላቅለውበታል አለ። ቀጥሎ የሐይቁን እርጥበት ጠረጠረ። ታዲያ ሰኞና ማክሰኞ የማይመጣ እርጥበት ቅዳሜን ለይቶ እንዴት ይመጣል? «ሰው ነው» አለ አንድ ጠዋት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አጥሩን እያየ። «ይህ የሰው እጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልመሰለኝም። አባቴ ዓርብ ማታ ኮፈኗ ላይ ክር ያስራል፤ ጠዋት ክሩ ተበጥሶ ያገኘዋል። በመኪናዋ ዙሪያ ዐመድ ይነሰንሳል፤ የሌባው እግር እንዲታተም። እማዬ ግን ማለዳ ተነሥታ ግቢውን ስለምትጠርግ ዐመዱ ከነዱካው ይጠፋል፤ አባቴም «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ብትሰንፊ!» እያለ ይብከነከናል። እኔም በበኩሌ ሁሉንም ጠረጠርሁ። ውሃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ፣ ዓሣ አጥማጁን፣ አብረውኝ የሚማሩትን ልጆች። ዳዊት ስደግም ዓይኔ ከመስመሩ እየወጣ መሪጌታ ጣቶች ላይ ያርፍ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ለወትሮው የማያደርገውን አደረገ፤ ፑንቲናዋን ከመፈተጉ በፊት አምፖሉን አገናኘ። ሞተሩን አዞረ፤ አምፖሉ በራ። አሁንም አዞረ፤ አልጠፋም። ፑንቲናዋ ስትዘጋ መጥፋት የነበረበት መብራት ቦግ እንዳለ ቀረ። በአፏ መካከል የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። አባቴ በጥፍሩ ጫረና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሰም ነበር፤ የጧፍ ሰም።

መሪጌታ ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በራቸው ላይ ደርሰዋል። አባቴ ጥፍሩን እንደቀሰረ ወደ አጥሩ ሄደ። እኔና እማዬ ደረጃው ላይ ቆመን ነበር።

«የኔታ፣ ይህ ምንድን ነው?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ። «ሰም ነው» አሉ።

«ከመኪናዬ ሆድ ውስጥ ነው ያወጣሁት። ከማን ቤት የወጣ ሰም ነው?»

መሪጌታ ቀና ብለው በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ እኛ ተመለከቱ። አስተያየታቸው ረዘመብኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «ከእኔ ቤት የወጣ ሰም ነው» አሉ።

«እግዚአብሔር ያሳርፋታል ያሉት ለካ እንዲህ ኖሯል» አለ አባቴ። «ቢነግሩኝ እሸጣት አልነበር? እኔ እኮ እርስዎን ወንድም ብዬ...» አልጨረሰውም። ፊቱን አዙሮ ገባ። በማግስቱ የአጥሩን ቀዳዳ በሽቦ ጠረቀመው።

ወሬ እግር የለው፣ ሰፈሩን ሞላው። በየአፉ ሲዞርም ሰሙ ብቻውን አልቀረም፤ ድግምት ተጨመረበት፣ አስማት ተጨመረበት። «መኪና ያሰረ ሰው የልጄን አፍ ማሰር ያቅተዋል?» ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን አስቀሩ። እኔም ቀረሁ። ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማው የልጆች ድምፅ በየቀኑ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ የመሪጌታ ድምፅ ብቻውን ቀረ። አንድ ጠዋት እሱም ጠፋ። መጻሕፍታቸውን በቆዳ ጠቅልለው፣ በጀልባ ወደ ደቅ ተሻግረው ነበር። እማዬ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔ ያመማት መስሎኝ ነበር።

አባቴ ኮፈኗን በሰንሰለትና በቁልፍ አሰራት፤ ወይዘሪትም ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ችግር ትነሣ ጀመር። ሌባው መሪጌታ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ችግሩ ያለፈለት አባቴ ወደ ቁንዝላው ጉዞ ተመለሰ፤ ዱቄቱም ወደ አንገትጌው ተመለሰ።

እማዬ አንድ ዓርብ «ዱርቤቴ ለቅሶ አለብኝ» ብላ እኔን አስከትላ በአውቶቡስ ተነሣች። አክስቷ ቤት አደርን፤ በማግስቱ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ቁንዝላ ገባን። መቀነቷን እንዲያ አጥብቃ የታጠቀችበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። ወይዘሪትን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ከሐይቁ ራቅ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማለች። ከውስጥ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። እማዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ በሩን በርግዳ ገባች።

ወፍጮ ቤት ነበር። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አባቴ ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት ለብሶ፣ ዓይኑ ብቻ እየታየ፣ ከወፍጮው ቀበቶ ጋር ይታገላል። ሴቶቹ የሚስቁት በእሱ ነው።

«ደብሬ?» አለ ሲያየን በድንጋጤ። «ማን ሞተ?»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ አላቆም ሲላት አንድ ማዳበሪያ እህል ላይ ተቀመጠች። አባቴ ዱቄቱን እያራገፈ፣ እየተንተባተበ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው። ወፍጮው የአንድ ሽማግሌ ነው፤ ተሰብሮ ዓመታት ተቀምጦ ነበር፤ አሁን ጥቂት ፈጭቶ ይቆማል። ጠግኖ ካስነሣው ከሽማግሌው ጋር አብሮ ሊሠራበት ተስማምቷል፤ ቀስ በቀስ ፋብሪካውን ሊለቅ አስቦ ነበር። «ብነግርሽ ደመወዝ ያለው ሰው አብዷል ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አላት። ሳቋ ወደ ለቅሶ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። አባቴ በደስታ ያለቀሰች መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ስንመለስ እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ዱርቤቴ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እማዬ ፊት ለፊቷን እያየች ተናገረች።

«ተስፋዬ፣ የኔታ አልነኩብህም። የነካሁት እኔ ነኝ።»

መኪናዋ መንገዱ መሐል ቆመች።

«ሰሙስ?»

«ለጥምቀት ካመጡልን ጧፍ ላይ ነው። በጣቴ አሙቄ ነበር የምቀባው።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነህ።»

አባቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጭኖ ተቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም። ከብት የሚነዳ ገበሬ ቀንበሩን ተሸክሞ በጎናችን አለፈ፣ ጤና ይስጥልኝ አለን፤ የመለሰለት የለም። አባቴ «ከእኔ ቤት የወጣ ነው ሲሉ ለምን ዝም አልሽ? ስጠይቃቸው ደረጃው ላይ ቆመሽ ነበር እኮ» አለ። እማዬ «ሰው ፊት ታባርረኛለህ ብዬ» አለች። አባቴ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ነዳ።

በሳምንቱ ሦስታችንም ወደ ደቅ ተሻገርን። መሪጌታን ያገኘናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለች ትንሽ ማሳ ላይ ሲኮተኩቱ ነው። ሲያዩን መኮትኮቻቸውን ጣሉ። እማዬ እንደ አገሯ ደንብ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥታ በትከሻዋ ተሸክማ፣ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። የፋብሪካ ሰው አባቴ ይህን ደንብ አያውቀውም፤ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ ቆሟል። መሪጌታ ድንጋዩን ከትከሻዋ አንሥተው ወረወሩት።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ፤ ተነሽ» አሏት። «አይቼሻለሁ እኮ። በማለዳ ወደ ኪዳን ጸሎት ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼሻለሁ።»

አባቴ የተንሸራተተ ይመስል ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ። «አይተው ነበር? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም የኔታ?»

«ጧፉን ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ። ከእኔ ቤት የወጣ ነው ያልሁትም እውነት ነው፤ አልዋሸሁም።» መሪጌታ በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ብነግርዎ ማንን ያጡ ነበር? ሚስትዎን ያጡ ነበር፤ ይህች ልጅም እናቷን። ጎረቤት ይገኛል ብዬ ነው። እርስዎም አይዘኑ፤ እኔም ወደ አገሬ ገባሁ። ይልቅ ይግቡ፣ እህል ይቅመሱ።»

ገባን፣ በላን፣ ተመረቅን። አባቴ እንዲመለሱ ለመናቸው፤ አጥሩን ላፍርሰው፣ ልጆቹን በየቤታቸው ዞሬ ልሰብስብልዎ አላቸው። መሪጌታ በፈገግታ ሰሙትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» ብቻ አሉት። እስከ ጀልባው ድረስ ሸኙን። እኔን ራሴን ደባብሰው ዳዊቴን እንዳልተው አደራ አሉኝ።

ጀልባው ከደሴቱ ሲርቅ እማዬ ቀለል ብሏት ነበር፤ ዳቦ ቆርሳ ለአባቴ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ይቅር አሉን እኮ» አለችው። «አሁን ደግሞ ምን ሆንህ?»

አባቴ እየራቁ የሚሄዱትን ሽማግሌ ሲያይ ቆየና፣ ሞተሩ እየጮኸበት «እርስዎ አሉኝ» አለ።

ይቅርታውስ እውነተኛ ይቅርታ ነበር። መሪጌታ ለጉዳይ ወደ ከተማ ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው፤ የኔን ሠርግ የባረኩት እሳቸው ናቸው። ወፍጮው ጥቂት ዓመት ፈጭቶ ቀረ፤ ወይዘሪትም ተሸጠች፤ አባቴና እናቴ እስከ መጨረሻው አብረው ኖሩ። አባቴና መሪጌታ አንድ ገበታ ቀርበው ቀስ ብለው ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሌላውን «ይቅደሙ» ይላል፤ አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ ቃል የሚናጠቁበት፣ ሰፈሩን የሚረብሹበት ያ ክርክር ግን የለም። እንግዳ ሲያያቸው በመከባበራቸው ይቀና ነበር። እኔ ከጓዳ ሆኜ ስሰማቸው፣ አባቴ ሆን ብሎ ነገር ሲጭር፣ ሆን ብሎ የማይረባ ነገር ተናግሮ ሲጠብቅ እሰማ ነበር። መሪጌታ በትሕትና «እንዳሉት ነው» ይሉታል። አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አንተ አላሉትም።